እስከ ችሎቱ ቀን

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ጠበቃዋ «ሁሉንም ነገር ከነቀኑ ጻፊ» ስላለችኝ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት። ልጅቷን ማን እንዳሳደጋት፣ አባቷ መቼ እንደጠፋ፣ መቼ እንደመጣች። ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ጻፍ ሲባል እጁ ይዝላል። ቢሆንም ጀመርኩ።

ልጄን ኖኤሚን ሆንዱራስ ትቻት ስወጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያሳደገቻት እናቴ ማማ ቾን ናት። አሥራ አራት ሲሞላት የሰፈሩ ወሮበሎች በር ድረስ እየመጡ ይጠሯት ጀመር፤ እኔም ላስመጣት ግድ ሆነብኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ከመጣች አሥራ አራት ወር ሆናት። እናቴን «ማማ» ትላታለች፣ እኔን «ዴልሚ»። እናቴን «አንቺ» ትላታለች፣ እኔን «እርስዎ»። ቤት የምንጋራት ዶኛ ሚልያ «ከዶሮ ፋብሪካው አለቃሽ እኩል እኮ ነው የምታከብርሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ለጥገኝነት ጥያቄዋ ዳኛው ፊት የምትቀርበው ኖቬምበር 18 ነው። ባለፈው ጠበቃዋ ቢሮ ስለ አገር ቤት ሲጠይቋት ምላሷ ተሳሰረ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጠረጴዛውን እያየች ተቀመጠች። ጠበቃዋ ወደ ጎን ወስዳኝ «ዳኛው ፊትም እንዲህ ከሆነች ሊመልሷት ይችላሉ። እስከዚያ ልቧን የሚረብሽ ነገር እንዳይደርስባት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ እንዳልረሳው።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ማማ ሞተች።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እህቴ ሮሲቤል ደወለችልኝ። ፋብሪካው በር ላይ መኪና ውስጥ ነኝ። ጓንቴን አላጠለቅኩም። የሥራ መግቢያው ደወል ተደወለ።

በዚያው ቀን፣ ከሥራ መልስ

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቆሜ የዶሮ ደረት ከአጥንት ስለይ ዋልኩ። አንድ እንባ አልወጣኝም። እዚያ ብርዱ ሁሉን ነገር ያደርቃል። ባለቅስስ ከጭንብልና ከመነጽር ጀርባ ማን ሊያየኝ።

ሮሲቤል ምሳ ሰዓት ላይ መልሳ ደወለች። ማማን የምታስታምማት እሷ ነበረች። «ለልጅቷ ንገሪያት» አለችኝ።

«ከችሎቱ በኋላ።»

«ዴልሚ፣ እናቷ እኮ ናት የሞተችው።»

«እናቷ እኔ ነኝ» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ማማ ገና ሳትገነዝ እንዲህ ተናገርኩ። ከዚያ መልሼ ደውዬ ዘመድ ሁሉ ፎቶም ሆነ ጥቁር ሪባን በስልክ እንዳይለጥፍ አስማልኳት።

ቤት ስገባ ኖኤሚ በሯን ዘግታ ተኝታለች። ራሴን አሞኛል ብላ ከትምህርት ቤት ቀድማ መጥታለች። በሩ ላይ ቆሜ «ምን ልሥራልሽ?» አልኳት። «ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ድምጿ ታፍኗል። ጉንፋን ሳይዛት አይቀርም፤ ችሎቱ ሳይደርስ መዳን አለባት።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት

ሮሲቤል ቤት የዘጠኝ ቀኑን ጸሎት ጀምረዋል። የማማን ፎቶ፣ ሻማና ብርጭቆ ውሃ አስቀምጠዋል። ነፍስ ዘጠኙ ቀን እስኪያልቅ ከቤቷ አትርቅም፣ ይጠማታል ይባላል እኛ ዘንድ። «አንቺስ አስቀመጥሽላት?» አለችኝ። የት ላስቀምጥ? ልጅቷ ታየዋለች። እኔ የምጸልየው ፋብሪካው በር ላይ መኪና ውስጥ ነው፤ ስልኩን መሪው ላይ አቁሜ ሴቶቹ ሲያዜሙ እከተላለሁ። ትናንት መቁጠሪያዬን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ረስቼ ገብቼ ተቆጣጣሪው ጮኸብኝ።

ለኖኤሚ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። እሑድ እሑድ ከማማ ጋር የድምፅ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ማማ መጻፍ አትችልም። ጠዋት ቁርስ ላይ «ማማ ጉሮሮዋን ታማለች፤ ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት እንዳታወራ ከልክሏታል» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኖኤሚ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «በጣም ያማታል?» አለች።

«አይ፣ አሁን አያማትም።»

«ጥሩ» አለችና ሳህኗን አጥባ ክፍሏ ገባች።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

ልጅቷ ዝርክርክ ሆናለች። መስኮቷ ላይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ፤ ቀድታ አትጠጣውም። ትናንትም ነበር። ደፍቼ አጠብኩት። «ይህ ቤት ሆቴል አይደለም» አልኳት። ትን እንዳላት ሰው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አሁን ሳይ እንደገና ሞልታ አስቀምጣዋለች። እልኸኛ ናት፤ ይህ እንኳ ከኔ የወሰደችው ነው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ዘጠኙ ቀን አለቀ። ሮሲቤል ሻማውን አጥፍታ ፎቶውን አነሳች። ማማ ሳልሰናበታት ሄደች።

ብርጭቆው ዛሬ መስኮቱ ላይ የለም። ተግሣጼ ሠራ።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ትናንት የዶኛ ሚልያ የልጅ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሞላችበት ድግስ ነበር። ኖኤሚ ከአጃቢ ልጃገረዶቹ አንዷ ነበረች፤ ቀሚሷ ከኦገስት ጀምሮ ተሰቅሏል፣ ሎሚ ቀለም። ጠዋት «አልለብስም» አለች።

«ምን ሆነሽ?»

«መጨፈር አልፈልግም።»

«ሁለት ወር ተለማምደሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን እንደሚል እኔ አላውቅም» አለች፤ «እርስዎ ያውቃሉ።»

ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጥታ አዳራሹ ጥግ ተቀመጠች፣ እንደ ባልቴት። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ወጥ ቤት ሬዲዮ ስከፍት እየመጣች የምትዘጋውም እሷው ናት። አስተማሪዎቿ ዕድሜው ነው ይላሉ፤ በዚህ ዕድሜ ጥቁር መልበስ ይወዳሉ አሉ።

ዶኛ ሚልያ የኔን ነገር ታውቃለች፤ ከነገርኳቸው ሰዎች እዚህ ያለችው እሷ ብቻ ናት። «አንቺ ብትቀመጪ ማንም አይቀየምሽም» አለችኝ በጆሮዬ። ግን ኖኤሚ ታየኛለች። ሙዚቃ ሲሰማ ቁጭ የማይል እግሬን ታውቀዋለች፤ ብቀመጥ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ተነሳሁ። ሦስት ዘፈን ጨፈርኩ፤ እየሳቅኩ፣ ከዶኛ ሚልያ ወንድም ጋር። እናቴ ከተቀበረች በአሥራ አምስተኛ ቀኗ።

ዞር ስል ኖኤሚ እያየችኝ ነው። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። መንገድ ላይ የተፋሁባት ያህል ነበር። ማፈሯ ነው መሰለኝ፣ እናት በአደባባይ ስትጨፍር ልጆች ያፍራሉ።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

የሙታን ቀን። ኖኤሚ ቤተ ክርስቲያን ቢጫ አበባ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ አለች።

«ለማን?»

«ለሞቱት ሁሉ።»

ጎበዝ ልጅ ናት አልኩ። አብረን ሄድን። እሷ አበባውን አስቀምጣ ተንበረከከች፣ እኔ ከኋላዋ ተንበረከክኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት እዚያ ነው፤ በሻርቤ ሸፍኜ። የእሷም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ ነው፣ ጃኬት ያዢ ብያት ነበር።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሮሲቤልን ለምኜ አንድ አሮጌ መልእክት ከማማ ስልክ አስላክሁ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ በደንብ ብዪ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» የሚል። ጉሮሮዋ መዳኑን እንድታምን።

ኖኤሚ ቆማ አዳመጠችው። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከማማ ድምፅ ኋላ ውሻ ይጮኻል።

«ኮኮ ነው እንዴ?» አለች።

አዎ ልል ስል፣ ኮኮ ባለፈው ፋሲካ መኪና እንደገጨው ትዝ አለኝ። ያኔ ሁለት ቀን አልቅሳለታለች። «ሌላ ውሻ አምጥተዋል» አልኳት። ምላሴ ፈጣን መሆኑ በጀኝ።

«ስሙ ማነው?»

«አልጠየቅኩም።»

«ይጠይቁልኝ» አለችና ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። አመነች። ስለ ማማ ጤና ሌላ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ሮሲቤል ግን ኖኤሚ በየእሑዱ ወደ ማማ ስልክ መልእክት እንደምትልክ ነገረችኝ። «አልከፍተውም» አለች። «የሟች ሰው ነው፤ እፈራለሁ።»

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ነገ። ነጭ ሸሚዟን ተኮስኩ። እንደወጣን እነግራታለሁ፤ መኪናው ውስጥ፣ እጇን ይዤ። ምን እንደምላት ቀኑን ሙሉ መስመሩ ላይ ቆሜ ሳጠና ዋልኩ። ጣቴን ቆረጥኩ፣ ጥልቅ አይደለም።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ዳኛው ታመዋል ተባለ። ፌብሩዋሪ 3 ተመለሱ አሉን። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው የነገረን፣ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል።

ዶኛ ሚልያ «በቃ፣ ይህ ምልክት ነው፣ ዛሬውኑ ንገሪያት» አለችኝ።

«ሁለት ወር ተኩል ለምን አስለቅሳታለሁ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለእሷ ነው ወይስ ለራስሽ የምትፈሪው?»

ቤቱ የገባሁት ለጋራ ኪራይ እንጂ ለምክር አይደለም። አልኳት ማለቴ አይደለም፣ በሆዴ ነው።

ነገ እነግራታለሁ።

ኖቬምበር 19

አልነገርኳትም። ፈተና አለባት።

ኖቬምበር 20

ዛሬም አልሆነም።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ደወሉ። ስፓኒሽ የምትችለው ጸሐፊ ናት። ኖኤሚ ምሳ አትበላም፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ ከማንም ጋር አትነጋገርም አለችኝ። «ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኩ።

ያን ጊዜ እንደ ፋብሪካው ጓንት የሆነ ነገር አፌ ላይ የተጠለቀ መሰለኝ። ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ መጀመሪያ እሱ ነው ነገሩን የያዘው፤ በኋላ ነገሩ እሱን ይይዘዋል። እኔን ይዞኛል። አሁን ብነግራት የምነግራት ሁለት ነገር ነው፤ ማማ መሞቷንና እኔ ሁለት ወር መዋሸቴን። የመጀመሪያውን ይቅር ልትለኝ ትችላለች፤ እሱ የኔ ጥፋት አይደለም።

ዲሴምበር 24፣ ረቡዕ

የገና ምግባችንን፣ ታማል ሠራን። ዶኛ ሚልያ ልጇ ቤት ሄዳለች፣ እኔና ኖኤሚ ብቻ ነን። እኔ ሊጡን አደርጋለሁ፣ እሷ በሙዝ ቅጠል ትጠቀልላለች። ማማ እንደምታደርገው ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፋ ታስራለች። እኔ ያን አጣጠፍ ረስቼዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ በፎይል ስጠቀልል ኖሬያለሁ። «አሳዪኝ» አልኳት። ጣቶቼን ይዛ አሳየችኝ። ከመጣች ጀምሮ እጄን ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። እጇ ይሞቃል፣ የተላጠ ጥፍር ቀለም አላት።

በየዓመቱ ገና ዋዜማ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማማ ትደውል ነበር። ሰዓቱ ደረሰ። ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ኖኤሚ ቅጠሉን አስቀመጠች። «ዴልሚ» አለች፣ «የሚነግሩኝ ነገር አለ?»

እጄ ሊጥ ውስጥ ነው። አሁን ነው አልኩ፤ እግዚአብሔር ራሱ በሩን ከፈተልኝ።

«ምን አለ ብለሽ ነው?» አልኳት።

አየችኝ።

«እንጃ» አለች። «ገና ስለሆነ።»

«ቅጠሉን አቀብይኝ» አልኳት።

አቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ ብቻዋን ጠቀለለች። አንዱን ለብቻው ሳህን ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ ማንም እንዳይነካው አለች። ለነገ ቁርሷ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ፈሪ ነኝ። ይህን ደብተር የሚያነብ ጠበቃ ካለ ይህንንም ይጻፍልኝ።

ጃንዩዋሪ 13፣ ማክሰኞ

ጠበቃዋ ቢሮ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ለፍርድ ቤቱ የሚገባውን የመጨረሻ ወረቀት እየሞላች ነው።

«አያቷ በሕይወት አሉ? ደህና ናቸው?»

ኖኤሚ ወደኔ ዞረች። ፊቷን ሙሉ በሙሉ ነው ያዞረችው።

«ደህና ናት» አልኩ።

ጠበቃዋ ተከዘች። «ይህ ትንሽ ያስቸግረናል። የመንግሥቱ ጠበቃ ‹አያቷ ዘንድ ትመለስ› ማለቱ አይቀርም። አርጅተዋል እንላለን።» ጻፈችው። ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ስመልስ ኖኤሚ የፈረምኩበትን ቦታ ታይ ነበር።

መኪናው ውስጥ «ዝግጁ ነሽ?» አልኳት። «ነኝ» አለች። ስንት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ጠንካራ ድምፅ ነው። ተመስገን አልኩ። ዝምታዬ ይህን ካመጣ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው። እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ስለ ወሮበሎቹ ጠየቋት፣ ሁሉንም ተናገረች። ስሞቻቸውን፣ በሩን የመቱበትን ቀን። ምላሷ አልተሳሰረም። ጠበቃዋ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ከዚያ የመንግሥቱ ጠበቃ ተነሳ። አስተርጓሚው እየተከተለ ይተረጉምላታል። «ያሳደጉሽ አያትሽ አሁንም ደህና እንደሆኑ ወረቀቱ ይላል። ወደ እሳቸው ብትመለሺ አይንከባከቡሽም?»

ጠረጴዛውን አየች። ይኸው ተሳሰረች አልኩ።

«እናቴ ሞታለች» አለች።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናትሽ?»

«ያሳደገችኝ። ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ማን ነገረሽ?»

«አገር ቤት ጎረቤታችን የነበረች ጓደኛዬ። በዚያው ቀን፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጻፈችልኝ።»

«ከኋላሽ የተቀመጡት ሴትዮስ? እናትሽ አይደሉም?»

ኖኤሚ አልዞረችም። «እሳቸው ዴልሚ ናቸው» አለች። «ከእሳቸው ጋር ነው የምኖረው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። እኔ የፈረምኩትና እሷ የተናገረችው አልገጠመም። የሞት ምስክር ወረቀት ይምጣ፣ ቃሉ ሁሉ እንደገና ይጣራ ተባለ። ቀጠሮው ለመጪው ዓመት ኤፕሪል። ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዋ ግድግዳውን ተደግፋ «ብትነግሪኝ ኖሮ ዋናው መከራከሪያችን እሱ ነበር» አለችኝ። «የምትመለስበት ሰው የላትም እል ነበር። አሁን ልጅቷንም አያምኗትም።»

ከአትላንታ እስከ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ኖኤሚ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«እንዳትሰበሪ ብዬ ነው። ለችሎቱ።»

«ተሰብሬ ነበር እኮ። ብቻዬን ነው የተሰበርኩት። የክፍሌ በር ላይ ቆመሽ ምን ልሥራልሽ ስትዪኝ፣ አሁን ትገባለች ብዬ ቦታ ለቅቄልሽ ተኝቼ ነበር።» «ደግሞ ጨፈርሽ» አለች።

ዝናብ ጀመረ፣ መጥረጊያውን አበራሁ።

ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

ሮሲቤል መልእክቶቹን ከፈተቻቸው። አሥራ ሰባት ናቸው፤ በየእሑዱ አንድ። ወደኔ ላከቻቸው። ጠዋት ኖኤሚ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳቸው።

የመጀመሪያው፦ «ማማ፣ ሰምቻለሁ። ዴልሚ ገና አልነገረችኝም። ታማለች ነው ያለችኝ። ስትነግረኝ አብረን እናለቅስልሻለን።»

ሁለተኛው፦ «ማማ፣ ውሃሽን ደፋችብሽ፤ አውቃ አይደለም። ወዲያው ሞልቼልሻለሁ፣ አልተጠማሽም አይደል?»

ከዚያ በኋላ ያሉት አጫጭር ናቸው። «ማማ፣ ዛሬም አልነገረችኝም።» «ዛሬም።» የገና ሰሞኑ ላይ ምንም ቃል የለም፣ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው። የመጨረሻው የችሎቱ ሳምንት ነው፦ «ማማ፣ ከእንግዲህ ብትነግረኝም ልቅሶው አልቆብኛል።»

ተነሳሁ። የማማን ፎቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ መስኮቷ ላይ አቆምኩት። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ኖኤሚ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አየችው።

«ለማማ ነው» አልኳት። «አብረን ብናለቅስላት ብዬ።»

ፎቶውን አነሳችና በእጅጌዋ ጠርጋ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችው። «ዘጠኙ ቀን አልፏል፣ ዴልሚ» አለች። ቁጣ የለባትም። ብርጭቆውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ውሃውን ደፋች፣ አጠበችው፣ አድርቃ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

«እርስዎ ቆመው ነው የሚውሉት፣ አረፍ ይበሉ» አለችኝ፤ «እራቱን እኔ እሠራለሁ።»